ለሽማግሌ መንገድ የሚለቅ ተከላካይ

ከአገሬ በወጣሁበት ማታ አውሮፕላኑ ጥሎኝ ሊሄድ ትንሽ ነበር የቀረው፤ ጥፋቱም የማንም ሳይሆን የእኔው ነው። ቦሌ መግቢያው ላይ ተሰልፌ ሳለ ሁለት ሻንጣ የሚጎትቱ እናት ከኋላዬ መጡና «ይለፉ እማማ» አልኳቸው። እማማ ለካ ብቻቸውን አልነበሩም። ልጃቸው፣ ምራታቸው፣ አራት የልጅ ልጆቻቸውና ጎማ ባለው ወንበር የሚገፉ አንድ አዛውንት ተከትለዋቸው ገቡ። እነሱ እንዳለፉ ደግሞ አንድ ቄስ መጡ። ቄስን ቀድሞ መግባት እንዴት ይሆናል? አሳለፍኳቸው። ከኮምቦልቻ ድረስ ሊሸኘኝ የመጣው አባቴ አጥሩ ጋ ቆሞ ይህን ሁሉ ሲያይ ቆይቶ ትዕግሥቱ አለቀና ሸኚው ሁሉ እስኪዞር ድረስ ጮኸ።

«አንተ መልካሙ! አሁንም እያሳለፍክ ነው?»

የስንብት ቃሉ ይኸው ነበር። ሌላው መንገደኛ ተመርቆ ሲሸኝ እኔ በቁጣ ተሸኘሁ።

«አሁንም» ያለበት ምክንያት አለው። አባቴን ሰፈሩ ጋሽ አሰፋ ይለዋል፤ በወጣትነቱ ለአንድ ፋብሪካ ቡድን ተከላካይ ሆኖ ተጫውቷል። እኔ ልጅ ሳለሁ ከሥራ መልስ የሰፈራችንን ልጆች ያሰለጥን ነበር። አሥራ አምስት ዓመት ሲሞላኝ የራሱን ቦታ ሰጠኝ፤ ከኋላ ተከላካይ። በመጀመሪያው ግጥሚያ የባላጋራችን አጥቂ እፊቴ ተደናቅፎ ወደቀ። «እኔን!» ብዬ ሳነሳው ኳሷን ጓደኛው ወስዶ መረባችን ውስጥ ከተታት። ከዕረፍት በኋላም ይኸው ደገመኝ። አባቴ በሰው ሁሉ ፊት አስወጣኝና «በዚህ ልጅ በኩል ጋሪ ከነፈረሱ ያልፋል» አለ። ሰፈሩ ሳቀ፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ። ቤት ገብቼ ግን ትራሴን ነክሼ አለቀስኩ። ከዚያ ወዲህ ኳስ አልነካሁም፤ እሱም ና ተጫወት ብሎኝ አያውቅም።

ሜልቦርን ስደርስ የተቀበለችኝ ሰማያዊ ጓንት ያጠለቀች የአውሮፕላን ማረፊያው ፈታሽ ናት። ሻንጣዬን ከፍታ እናቴ የቋጠረችልኝን በሶ አወጣች።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«የገብስ ዱቄት ነው።»

«ምን ታደርግበታለህ?»

«እበላዋለሁ።»

«እንዴት ታበስለዋለህ?»

«አይበስልም። ውሃ ጠብ ይደረግበትና በእጅ ይጨበጣል።»

ረጅም ጊዜ አየችኝ። «ዱቄት በውሃ ጨብጠህ ትበላለህ?» አለች፣ አሁን በቁጣ ሳይሆን በሐዘኔታ። የተቆላ መሆኑን፣ ማርና ቅቤ ሲገባበት ምን እንደሚመስል ላስረዳት ስንተባተብ ከኋላዬ ያለው ሰልፍ ረዘመ። እኔም በልማዴ ወደ ጎን ፈቀቅ ብዬ «እለፉ፣ እለፉ» ማለት ጀመርኩ። ፈታሿ ተናደደች። «ጌታዬ፣ ማን እንደሚያልፍ የምወስነው እኔ ነኝ» አለችኝ። አውስትራሊያ በገባሁ በአንደኛው ሰዓት ሰው ማሳለፍ እዚህም እንደማያዋጣ ተነገረኝ ማለት ነው። አልሰማሁም።

ቤት ያገኘሁት ሜድስቶን የሚባል ሰፈር ነው፤ እትዬ አስካለ ዘንድ። እትዬ አስካለ በሱዳን በኩል ተሰደው ብዙ ዓመት የኖሩ፣ ልጆቻቸውን ድረው ሆፐርስ ክሮሲንግ ወደሚባል ሌላ ሰፈር የሰደዱ፣ አሁን ጡረታ ላይ ያሉ እናት ናቸው። ክፍሉን ሲያከራዩኝ ሕጋቸውን ቆመው ነገሩኝ። ሻወር አምስት ደቂቃ። ሂተር ከግንቦት በፊት አይበራም። ረቡዕና ዓርብ ቤታቸው ውስጥ እንቁላል አይጠበስም። «ኮንትራት አንፈርምም እትዬ?» ብላቸው «ምን ያደርግልሃል? እኔ እያየሁህ ነው» አሉኝ።

ስለ አየሩ ምን ልበላችሁ። ጠዋት ሐምሌ ነው፣ ቀትር መጋቢት ይሆናል፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ሐምሌ ተመልሶ ይመጣል። ጃኬቴን ትቼ በወጣሁ ቁጥር ይበርዳል፤ ይዤ ስወጣ ፀሐይ ታሾፍብኛለች። ምሳ ሰዓት ሁሉም የየራሱን ሳንድዊች ይዞ የየራሱን ይነክሳል። ኮሌጅ አጠገቤ የተቀመጠውን ልጅ «እንብላ» ብለው ሳህኔን አየና «አመሰግናለሁ፣ አለርጂ አለብኝ» አለኝ። ለየትኛው ምግብ እንደሆነ እንኳ አልነገረኝም።

ትምህርቴ መሃል ከተማ ነው፤ ኮምፒውተር። ሥራ ግን በከተማው ዳር ባለ የበረዶ ሜዳ ተገኘ። በረዶ ስል የሰማዩን እንዳይመስላችሁ። ትልቅ አዳራሽ ውስጥ ወለሉ በሙሉ በማሽን የተጋገረ በረዶ ነው፤ ሰው ከሥሩ ቢላ ያለው ጫማ አድርጎ ይንሸራተትበታል። ሥራ አስኪያጁ በኢንተርቪው «ከበረዶ ጋር ልምድ አለህ?» አለኝ። «የእናቴን ፍሪጅ አጽድቼ አውቃለሁ» አልኩት። ቀልድ መሰለውና ሳቀ፤ እኔ ግን እውነቴን ነበር። ቅዳሜና እሑድ ሺፍት ሰጠኝ። ሰው የተከራየውን ጫማ እየተቀበልኩ ማድረቅ፣ ወንበሮቹን መጥረግ፣ ቀስ በቀስም ሜዳው ላይ ወጥቼ ልደት ሊያከብሩ የሚመጡ ሕፃናትን መጠበቅ።

የመጀመሪያውን ወር የቆምኩት በፔንግዊን ነው። ለሕፃናት መደገፊያ ተብሎ የተሠራ የፕላስቲክ ፔንግዊን አለ፤ እጀታውን ይዘህ እየገፋህ ትሄዳለህ። የአምስት ዓመት ልጆች ያለ ፔንግዊን ሲበሩ፣ የሃያ አራት ዓመቱ ጎረምሳ ፔንግዊን አቅፎ ዳር ዳሩን ይሄድ ነበር። አንዲት ሕፃን እንዲያውም «ሲጨርስ ለእኔ ስጡኝ» ብላ ወረፋ ያዘችብኝ።

የልጅ መውደቅ ማየት ግን አልችልም። አንዱ ዷ ባለ ቁጥር «እኔን! እኔን!» እያልኩ ፔንግዊኔን ጥዬ እደርሳለሁ፤ አንስቼም ሁለት እጁን ይዤ፣ ፊት ለፊቱ ሆኜ፣ ወደኋላ እየሄድኩ እጎትተዋለሁ። በዚህ ዓይነት ሳላውቀው ከወደፊት በፊት ወደኋላ መሄድ ተማርኩ። ወደፊት ስሄድ ሰካራም ነኝ፤ ወደኋላ ስሄድ ግን ውሃ ነኝ።

ይህን ያየው ግሌን ነው። ግሌን ቧንቧ ሠራተኛ ነው፤ በትርፍ ጊዜው የአራተኛ ዲቪዥን የበረዶ ሆኪ ቡድን ያሰለጥናል። አራተኛ ማለት መጨረሻው ነው። ሆኪን ለማታውቁ፣ በረዶ ላይ በቆልማማ ዱላ የሚጫወቱት እግር ኳስ በሉት፤ ኳሷ ፓክ የምትባል ክብ ጥቁር ጎማ ናት።

«ሜል» አለኝ፤ መልካሙ ማለት ከብዶት ነው። «ወደኋላ መሄድ ማን አስተማረህ?»

«የሚወድቁ ልጆች።»

«ተከላካይ ሥራው ወደኋላ እየሄደ አጥቂውን ፊት ለፊት መጠበቅ ነው። ሰው ወደኋላ መሄድ እስኪችል ዓመት ይፈጅብኛል። አንድ ተከላካይ ጎድሎኛል፤ ትመጣለህ?»

ተከላካይ የሚለው ቃል ስንት ዓመት የቀበርኩት ነገር ነበር። እሺ ስል ያሰብኩት ግሌንን አልነበረም። አንድ ቀን ቪዲዮ ተቀርጾልኝ አባቴ ተከላካይ ሆኜ እንዲያየኝ ብቻ ነበር የፈለግሁት። እስከዚያ ድረስ ግን ለቤተሰብ ትንፍሽ አልልም፤ «ስፖርት እሠራለሁ» ብቻ እላቸዋለሁ።

ዕቃውን ሁሉ ያገለገለ ሰጡኝ። ራስ መከላከያው፣ የደረቱ፣ የጉልበቱ፣ ጓንቱ። ከእኔ በፊት የስንት ሰው ላብ እንደጠጣ እንጃ። ሻንጣውን ቤት ይዤ በገባሁ ማግስት እትዬ አስካለ አፍንጫቸውን በነጠላ ይዘው በሬን አንኳኩ።

«መልካሙ፣ እውነቱን ንገረኝ፤ ምን ሞቶብህ ነው?»

«የስፖርት ዕቃ ነው እትዬ።»

«ይሄ ስፖርት አይደለም፤ ሬሳ ነው። ጋራዥ አውጣው።»

«ቢሰርቁኝስ?»

«የሚሰርቅህ ካለማ ጸበል እናስጠምቀዋለን።»

ልምምዱ ረቡዕ ረቡዕ ሆነ። ግሌን የሚያስተምረኝ ሦስት ነገር ደጋግሞ ነው። ፓኩን አትይ፣ ያታልልሃል፤ የሰውየውን ደረት እይ። መሃሉን አትስጠው፤ ወደ ግድግዳው ገፍተህ አጥብበው። ዱላህን ዘርጋ። በእኛ ዲቪዥን ሆን ብሎ ሰው መግጨት አይፈቀድም፤ መንገድ መዝጋት ግን ግዴታ ነው። የእኔ ችግር ደግሞ እሱው ነበር። ወደኋላ በሚያምር አካሄድ እሄዳለሁ፣ ደረቱን አያለሁ፣ ዱላዬን እዘረጋለሁ፤ ሰውየው ሲቀርብ ግን ከየት እንደሚመጣ የማላውቀው ትሕትና ይወርድብኝና ፈቀቅ እላለሁ። የወደቀ ካለማ ጨዋታው ለእኔ አበቃ፤ ባላጋራም ይሁን ዳኛ ሄጄ አነሳለሁ። አንድ ቀን የግቡ ብረት ጋ ተላትሜ ይቅርታ ጠይቄዋለሁ። ግሌን ሰምቶኛል።

ከሁሉ የከፉብኝ ግን ጋሽ ኬቨን ናቸው። ጋሽ ያልኳቸው እኔ ነኝ፤ ሌላው ሰው ኬቨን ነው የሚላቸው። ስልሳ ዓመት ያለፋቸው፣ ጡረታ የወጡ መምህር፣ ነጭ ጺማቸው ከራስ መከላከያው ሥር የሚታይ የሌላ ቡድን አጥቂ ናቸው። ከእነሱ ጋር ለመጀመሪያ ጊዜ ስንገጥም ጺማቸውን አየሁና እግሬ በራሱ ጊዜ ወደ ጎን ሄደ። «ይለፉ» አልኳቸው፣ ያውም በአማርኛ። አለፉና አገቡ። ከዚያ በኋላ ብልጥ ናቸውና በእኔ በኩል ብቻ መምጣት ጀመሩ። በዚያ ቀን ሦስት አገቡብን።

ግሌን ልብስ መቀየሪያው ክፍል ውስጥ አጠገቤ ተቀመጠ።

«ሜል፣ ለምን አትዘጋውም?»

«ሽማግሌ ናቸው።»

«ማን? ኬቨን?»

«እኛ አገር ሽማግሌ ሲመጣ እንነሳለን፣ መንገድ እንለቃለን።»

«እኛም ትራም ላይ እንነሳለን» አለ ግሌን። «ይሄ ግን ትራም አይደለም።»

ግሌን ተስፋ የሚቆርጥ ሰው አይደለም። በሚቀጥለው ረቡዕ ከገና አባት ልብስ የተረፈ የጥጥ ጺም ይዞ መጣ። ለአንዱ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ አሰረለትና «ዝጋው» አለኝ። ቡድኑ በሳቅ በረዶው ላይ ተንከባለለ። እኔም ሳቅሁ፤ ግን ጺም ያሰረው ልጅ ሲመጣ እውነት ለመናገር መጀመሪያ ላይ እሱንም አሳልፌዋለሁ። ሳምንት በሳምንት ጺሙ እየታሰረ፣ እኔ እየዘጋሁ፣ ክረምቱ አለቀ። ትንሽ በትንሽ እግሬ ባለበት መቆም ተማረ። ግሌን አንድ ቀን «አሁን ተከላካይ መሰልክ» ሲለኝ እስከ ሜድስቶን ድረስ በአውቶቡስ ብቻዬን ፈገግ እያልኩ ሄድኩ።

የመጨረሻው ግጥሚያ የደረሰን ከጋሽ ኬቨን ቡድን ጋር ነው። ግሌን አስቀድሞ ነገረኝ፤ የሦስተኛ ዲቪዥን አሰልጣኝ፣ ሬቸል የምትባል፣ ለሚመጣው ዓመት አንድ ተከላካይ ልትመርጥ ትመጣለች። እኔም ለአባቴ የምልከውን ቪዲዮ የማስቀርጸው ዛሬ ነው አልኩ። ማን ይቅረጽልኝ? እትዬ አስካለን ለመንኳቸው። «ያንን ግማት የሚያመጣውን ነገር በዓይኔ ልየው» ብለው እሺ አሉ። ከቤተ ክርስቲያን መልስ ነጠላቸውን እንዳጣፉ፣ በላዩ ላይ ብርድ ልብስ ደርበው፣ ከመጀመሪያው ረድፍ ተቀመጡ። ስልኩን እንዴት እንደሚይዙ አሳየኋቸው። የሦስት ሰዓት ፊልም የሚያነሱ ይመስል አንድ እጃቸውን በሌላው ደግፈው ተዘጋጁ።

ጨዋታው ሊያልቅ ሁለት ደቂቃ ሲቀረው ሁለት ለአንድ እየመራን ነበር። ጋሽ ኬቨን ፓኩን መሃል ሜዳ ላይ አገኙና እንደ ልማዳቸው ወደ እኔ በኩል አቀኑ። ወደኋላ መሄድ ጀመርኩ። ዓይኔን ደረታቸው ላይ አደረግሁ። ያ ሁሉ ሕዝብ ሲጮህ እኔ የሰማሁት አንድ ድምፅ ብቻ ነው፤ በአዳራሹ ውስጥ ከእኔ ሌላ አማርኛ የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነበርና።

«ተው አንተ! ሽማግሌ ናቸው!»

እግሬ ሊፈቀቅ አለ። አልፈቀቅሁም። መሃሉን ከለከልኳቸው፣ ወደ ግድግዳው አጠበብኳቸው፣ ዱላዬ ፓኩን ነካ። እሳቸው ለመዞር ሲሞክሩ ጫማቸው ከጫማዬ ተጠላለፈና በጎናቸው ወደቁ። ፓኩ እግሬ ሥር ቀረ።

«አንሳቸው እንጂ ልጄ! አንሳቸው!»

እጄ ተዘርግቶ ነበር። አየሁት፤ ያ ሰፊ ጓንት ግማሽ መንገድ ላይ ቆሟል። ከኋላዬ ግባችን አለ፣ ከፊቴ ሌላ አጥቂ እየመጣ ነው። የኮምቦልቻው ሜዳ ትዝ አለኝ፤ ጋሪው፣ ፈረሱ፣ የሰፈሩ ሳቅ። እጄን መለስኩና ፓኩን በሙሉ ኃይሌ በግድግዳው ጥግ ወደ ሌላኛው ጫፍ ላክሁት። ከዚያ በኋላ እኛ በኩል ድርሽ ያለ የለም። ደወሉ ሲጮህ ቡድኑ በሙሉ ላዬ ላይ ወጣ።

ከሥራቸው ወጥቼ ስዞር ጋሽ ኬቨን ቀድመው ቆመዋል፤ ጉልበታቸው ላይ የበረዶ ዱቄት አለ። ራሴን በጓንታቸው መታ አደረጉኝ። «በመጨረሻ!» አሉ። «ዓመቱን ሙሉ እንደ አያትህ ስታሳልፈኝ ቆይተህ ዛሬ ገና እንደ ተጫዋች ቆጠርከኝ።» የምራቸውን ደስ ብሏቸዋል። ሬቸልም መጥታ «የሦስተኛ ዲቪዥን ልምምድ ማክሰኞ ነው፤ እንዳትቀር» አለችኝ። እትዬ አስካለ ስልኩን ሲመልሱልኝ «ቀርጬዋለሁ» ብቻ አሉ። ወደ ቤት ስንመለስ ወሬ አላበዙም፤ ደክሟቸው መሰለኝ።

ያነሱት ግማሹ የጣታቸው ጥላ ነው፤ ዋናው ቦታ ግን ጥርት ብሎ ይታያል። እህቴ ሰብለ ስልክ ላይ ላክሁት። «ለአባዬ አሳዪው፤ በረዶ ሆኪ የሚባል ጨዋታ ነው፤ ቀይ የለበስኩት እኔ ነኝ፤ ተከላካይ ነኝ» ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ ስልኬን ጉልበቴ ላይ አስቀምጬ ጠበቅሁ። ሻይ አፈላሁ፣ ሳልጠጣው ቀዘቀዘ። አንድ ሰዓት ያህል ቆይቶ በእናቴ ስልክ ተደወለ። አባቴ ነው።

«አየሁት» አለ። «ደጋግሜ አየሁት።»

«እንዴት ነው አባዬ?»

«ወደኋላ ስትሄድ ዓይንህ ደረታቸው ላይ ነበር። ማን አስተማረህ?»

«ግሌን የሚባል ቧንቧ ሠራተኛ።»

«ያውቃል ሰውየው። ዘጋህ። አላሳለፍክም። ጎበዝ።»

ይህን ቃል ስጠብቅ ስንት ዓመቴ ነው። እንባዬ መጣ፤ ደግነቱ በስልክ አይታይም። እሱ ግን ቀጠለ።

«ሽማግሌውን ግን ማን አነሳቸው?»

«ማንም። ራሳቸው ተነሱ። ምንም አልሆኑም አባዬ፤ እንዲያውም ደስ ብሏቸዋል።»

«አሃ» አለ። «እኔም ማክሰኞ ለት ራሴው ነኝ የተነሳሁት።»

«የት? ወድቀህ ነበር?»

«የጓሮው ደረጃ አዳለጠኝ። እናትህ ገበያ፣ ሰብለ ሥራ። የቧንቧውን ብረት ይዤ ተነሳሁ። ትንሽ ቆየሁ እንጂ።»

«ትንሽ ስንት ነው?»

«እንጃ። እናትህ ስትመጣ ግን ቆሜ ነው ያገኘችኝ» አለ፣ ኮራ ብሎ።

«ለምን አልነገራችሁኝም?»

«ምን ልታደርግ?» አለኝ። ሊነካኝ ብሎ አይደለም፤ የምሩን ነው የጠየቀኝ።

«እኔን» አልኩ። ይህን ቃል በዚያ በረዶ ላይ ለስንት የፈረንጅ ልጅ ብያለሁ፤ ስለው ግን ሁልጊዜ እጄ ከብብታቸው ሥር ነበር። አሁን የያዝኩት ስልክ ብቻ ነው።

«ተወው፣ አልፏል» አለ አባቴ። «ሰብለ፣ እስቲ ያንን ነገር አንድ ጊዜ ድገሚልኝ።»

እሱ ስልኩን አልዘጋም፤ እኔም አልዘጋሁም። ሰብለ ቪዲዮውን ስትከፍተው የእትዬ አስካለ ድምፅ ከሜልቦርን ኮምቦልቻ ሄዶ፣ ከኮምቦልቻ ተመልሶ ጆሮዬ ውስጥ ገባ።

«አንሳቸው እንጂ ልጄ! አንሳቸው!»